አምስት ሴቶችና አንድ ሻለቃ ባሻ



ባለፈው ሰሞን ይህን ዓምድ የምትከታተል አንዲት እናት ደውላልኝ ነበር። የ14 ዓመት ልጇ ከጦርነት ፊልም በስተቀር ሌላ ነገር ማየት ትቷል። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይከፍታል፤ እራት ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ታንክና ስለ አነጣጣሪ ተኳሽ ሆኗል፤ ታናሽ እህቱን በመጥረጊያ እንጨት «ተኩሶ» መሬት ላይ ያስተኛታል። «ልከልክለው እንዴ ሲስተር?» አለችኝ። «አትከልክይው፤ ፊልሙን ቀይሪለት እንጂ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። በስልክ ያልጨረስኩትን ዛሬ ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

የጡረታ መታወቂያዬ እንደሚለው ነርስ ነበርኩ፤ ፊልም የማየውም እንደ ነርስ ነው። ብዙዎቹ የጦርነት ፊልሞች ላይ ሰው ይሞታል እንጂ አይቆስልም። ጥይት ያገኘው ሁሉ ወዲያው ክንችር ብሎ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ አናየውም። ዋናው ተዋናይ ከሆነ ደግሞ ትከሻው ላይ ይመታል፤ ሸሚዙን ቀዶ ያስራትና ሩጫውን ይቀጥላል። ትከሻ ውስጥ ትልቅ የደም ሥር እንዳለ፣ ለእጅ የሚሄዱት ነርቮች በዚያ እንደሚያልፉ፣ ሳንባም ሩቅ እንዳልሆነ የነገረው የለም። ውኃ የሚጠማው የለም። የሚያስታምመው የለም። ቁስሉ የሚሸት የለም። ልጆቻችን ጦርነትን የሚማሩት ከዚህ ከሆነ መሥዋዕትነት ማለት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ይመስላቸዋል፤ እኔ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ የተመደብኩበት ሆስፒታል ከሰሜን ግንባር ቁስለኞች ይመጡበት ነበር። አብዛኞቹ 18 እና 19 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። እኔም ብሆን ከእነሱ ብዙም አልበልጥም ነበር። በዚያው ዘመን የሶቪየት ፊልሞች በየአዳራሹ ይታዩ እንደነበር የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ካድሬው የሚያደርገው ንግግር በርዝመት ከፊልሙ አይተናነስም። ያየኋቸው አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። ሁለቱ ግን አልጠፉም፤ አሁንም በየጊዜው ፈልጌ አያቸዋለሁ።

አንደኛው «እዚህ ንጋቱ ጸጥ ያለ ነው» ይባላል። ቦሪስ ቫሲሊየቭ ከጻፈው አጭር ልቦለድ ተነስቶ ስታኒስላቭ ሮስቶትስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1942 በሰሜን ሩሲያ፣ በካሬሊያ ጫካ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ የባቡር ማቆሚያ ነው። ጣቢያዋን የሚጠብቀው ሻለቃ ባሻ ቫስኮቭ የሚላኩለት ወታደሮች ሁሉ እየጠጡ ስላስቸገሩት «የማይጠጡ ላኩልኝ» ብሎ ለአለቆቹ ያመለክታል። የማይጠጡት ተላኩለት፤ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ተኳሾች የሆኑ ወጣት ሴቶች። ትምህርቱ እምብዛም የሆነው ጭምት ሻለቃ ባሻ ከእነዚህ ሴቶች ጋር መግቢያ መውጫው ይጠፋዋል። የመጀመሪያው ክፍል ግማሹ ሳቅ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ ሪታ ትባላለች። ባሏ የድንበር ጠባቂ ነበር፤ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ተገድሏል። ትንሽ ልጇ በቅርብ ከተማ ከእናቷ ጋር ነው ያለው። ሪታ ከራሷ ራሽን ላይ እየቆጠበች ሌሊት ሌሊት በድብቅ ትሄድና ለልጇ ምግብ ታደርሳለች። በወታደር ሕግ ጥፋት ነው። ነገር ግን አንድ ማለዳ ከልጇ ዘንድ ስትመለስ ነው ጫካው ውስጥ ሁለት የጀርመን ወታደሮች ያየችው። የእናትነት ሥራዋ ወደ ወታደርነት ሥራዋ የመራት በዚህ መንገድ ነው፤ ፊልሙ ግን ይህን ጉዳይ አያጋንነውም፤ እንዲያው አሳይቶን ያልፋል።

ቫስኮቭ ለሁለት ጀርመኖች አምስት ሴቶች ይበቃሉ ብሎ ይወጣል። ጀርመኖቹ ግን 16 ሆነው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ አምስቱም ይሞታሉ። ይህን መንገሬ ፊልሙን አያበላሽባችሁም፤ እንዴት እንደሚሞቱ ነውና ነገሩ። ሊዛ እርዳታ ልትጠራ ስትሮጥ ረግረጉን የምትሻገርበትን ዘንግ ረስታ ትሄዳለች፤ ጭቃው ይውጣታል። ሶንያ፣ ግጥም የምትወደዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የተረሳውን የሻለቃ ባሻውን የትምባሆ ከረጢት ላምጣለት ብላ ተመልሳ በጩቤ ትወጋለች። በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገችው ጋልያ ፍርሃት አሸንፏት ከተደበቀችበት ጮሃ ትወጣለች። ዘንግ፣ የትምባሆ ከረጢት፣ አንዲት የፍርሃት ጩኸት። ሆስፒታል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሞት አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ በር አይገባም፤ ሳይዘጋ የቀረ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ይህንን የደፈረ የጦርነት ፊልም ብዙ አላየሁም። ሌሎቹ ለእያንዳንዱ ሞት ትልቅ ምክንያት ያዘጋጁለታል።

ዜንያ የምትባለው ውቧ ግን ሞቷን አውቃ ነው የምትሄድበት። ቤተሰቦቿ በጀርመኖች ሲረሸኑ በዓይኗ አይታለች። ሪታ ስትቆስል ጠላትን ከእሷ ለማራቅ እየተኮሰችና እየዘፈነች ወደ ሌላ አቅጣጫ ትስባቸዋለች።

የሪታ ቁስል ላይ ቆም ልበል፤ የእኔ ሙያ ነውና። የቦምብ ፍንጣሪ ሆዷ ውስጥ ገብቷል። ሆድ የተመታ ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። ያናግራችኋል፤ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። አንጀት ከተበሳ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስና ይመርዛል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ተስፋው የመነመነ ነው። በ1942 ደግሞ ፔኒሲሊን ገና ለሶቪየት ግንባር ወታደር አልደረሰም። ከሁሉ የሚከብደው ጥሙ ነው። ውኃ ይለምናል፤ አይሰጠውም። የእኛ ሥራ ጋውዝ በውኃ ነክሮ ከንፈሩን ማርጠብ ነበር። ቫስኮቭ ቁስሏን በፋሻ ሲጠቀልል ፊቱን ተመልከቱት። ከባድ እንዳልሆነ ሊነግራት ይሞክራል፤ እሷም እንዳላመነችው ይገባዋል። ያንን ፊት በዋርድ ውስጥ በሐኪሞችም በነርሶችም ላይ አይቼዋለሁ። «ሲስተር፣ እድናለሁ?» ሲሉኝ እኔ የምመልሰው «እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም» የሚል ነበር። ይህ ውሸት አይደለም፤ ለጥያቄው ግን መልስ አይሆንም። እነሱም ልዩነቱን ያውቁታል።

ታዲያ እዚያ ዛፍ ሥር ነው ፊልሙ ዋናውን ነገር የሚያነሳው። ቫስኮቭ ልቡ ተሰብሯል። ጦርነቱ አልቆ ሰው «ወንዶች ሆናችሁ እናቶቻችንን ከጥይት መከለል እንዴት አቃታችሁ?» ቢለን ምን እንመልሳለን ይላል። የባቡር ሐዲዱንና የመርከብ ቦዩን ለመጠበቅ ነው የወጡት፤ ለሐዲድና ለቦይ አምስት ልጆች ይከፈላሉ ወይ? የሚገርመው የምታጽናናው ቁስለኛዋ መሆኗ ነው። ሪታ የምትለው በአጭሩ አገር የሚጀምረው ከቦይ አይደለም፤ እኛ የጠበቅነው እሷን ነው፤ ቦዩ ቀጥሎ የመጣ ነው የሚል ነው። ወዲያውም ስለ ልጇ ትነግረዋለች። አደራ ትሰጠዋለች።

እኔ በዚህ ንግግር ላይ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። በእኛ ቋንቋ «አገር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው የሚሸከመው። ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብላት አገር አለች። «አገርህ ወዴት ነው?» ስንባል የምንጠራት ደግሞ ሌላ ናት፤ ወንዙ፣ ደብሩ፣ እናት የምትኖርበት ጎጥ። አልጋዬ ላይ ያስታመምኳቸው ልጆች በፋሻና በትኩሳት መካከል ሆነው ሲናገሩ የሰማሁት ስለ ሁለተኛዋ ነበር። አንዱ፣ ሁለት እግሩ የተቆረጠ፣ ሰኔ ላይ በየቀኑ «ሲስተር፣ እኛ አገር ዘንቦ ይሆን?» ይለኝ ነበር። እርሻው አሳስቦት ነው። ስለ ግንባሩ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ግዳጁ ግን አልተጸጸተም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ሁለቱ አገሮች በእሱ ውስጥ አይጣሉም ነበር። የሚጣሉት በእኛ በጤነኞቹ ውስጥ ነው።

ሪታ በኋላ የምታደርገው ነገር አለ። ቫስኮቭ ሽጉጥ ትቶላት ሲሄድ በራሷ ላይ ትተኩሳለች፤ እሱ እሷን ተሸክሞ እንዳይሞት፣ ነፃ እንዲሆን። እኔ ይህን አላሞግስም፤ አልፈርድባትምም። ከልጆች ጋር የምታዩ ወላጆች ግን ይህ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁት፤ ሲያበቃም ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ተነጋገሩበት። ቫስኮቭ የተረፉትን ጀርመኖች ብቻውን ይማርካል፤ እጁ ቆስሏል። በመጨረሻ ከብዙ ዓመት በኋላ ሸምግሎ፣ አንድ እጁ ሰው ሠራሽ ሆኖ እናየዋለን። አብሮት አንድ ወጣት መኮንን አለ። የሪታ ልጅ ነው፤ ያሳደገውም እሱ ነው። ሐውልት ሊያቆሙ መጥተዋል። ስለ ግዴታ ብዙ ፎክረው የሚያልፉ ፊልሞች አሉ፤ የሟቿን ልጅ ልብስ ማጠብ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሲታመም ሌሊት መቀመጥ ግዴታ መሆኑን ያሰበ ግን ጥቂት ነው። ፊልሙም ቢሆን ይህን ክፍል አላሳየንም። ቢያሳየን እወድ ነበር።

ጉድለት የለበትም አልልም። ጀርመኖቹ ፊት የላቸውም፤ ጥላ ናቸው ማለት ይቻላል። ጦርነቱ በጥቁርና ነጭ ሲቀርብ ሴቶቹ የሚያስታውሱት የሰላም ሕይወት በቀለም ይታያል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንዳንዱ ትዝታ ግን እንደ ፖስት ካርድ በጣም ያጌጠ ነው። የመንግሥት ፊልም መሆኑም ያስታውቃል። ያም ሆኖ የሠሩት ሰዎች ዋጋውን ከኪሳቸው የከፈሉ ናቸው። ደራሲው ቫሲሊየቭ በወጣትነቱ ዘምቷል። ሮስቶትስኪ ደግሞ በ1944 ቆስሎ አንድ እግሩን አጥቷል፤ ይህንን ፊልም የሠራው በሰው ሠራሽ እግር እየሄደ ነው።

ከጦርነቱ ሜዳ ጎትታ ያወጣችው አንዲት ነርስ ነበረች። በዚያ ጦርነት ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ሶቪየታውያን ሴቶች ሠራዊቱ ውስጥ አገልግለዋል፤ ብዙዎቹም ቁስለኛ አንሺዎች ነበሩ። በ1941 በወጣው ትእዛዝ መሠረት 15 ቁስለኛ ከነጠብመንጃው ከሜዳ ላወጣ ሜዳይ ይሰጠው ነበር፤ 80 ላወጣ ደግሞ የሌኒን ኒሻን። ከነጠብመንጃው የሚለውን ልብ በሉት። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደም እየፈሰሰው አይረዳችሁም፤ ክብደቱን ሁሉ ይጥልባችኋል። እኛ ከስትሬቸር ወደ አልጋ ለማዛወር አራት ሆነን ነበር የምናነሳው። እነዚያ ልጆች በደረታቸው እየተሳቡ ጎተቱት። ሮስቶትስኪ ፊልሙን የሠራው ለያቺ ነርስ ውለታ ነው። ሲጠናቀቅ እሷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ ነበር። ዳይሬክተሩ አጠገቧ ተቀምጦ በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ እየተረከላት ፊልሙን «አየችው»። ሽልማትም አላነሰውም፤ ለኦስካር ታጭቷል። እኔ ግን ፊልሙን ባየሁ ቁጥር የማስበው ያን ትረካ ነው።

ሁለተኛው ፊልም ቀለል ያለ ነው፤ ግሪጎሪ ቹክራይ በ1959 የሠራው፣ በአማርኛ «የአንድ ወታደር እንጉርጉሮ» ልንለው የምንችለው። ቹክራይም ብዙ ጊዜ የቆሰለ ዘማች ነበር። የ19 ዓመቱ አልዮሻ ሁለት ታንክ ያቃጥላል። ጄኔራሉ ሊሸልመው ሲል «በኒሻኑ ፈንታ ፈቃድ ይስጡኝ፤ የእናቴ ጣሪያ ያፈሳል» ይላል። ስድስት ቀን ተሰጠው፤ ሁለት ለመሄጃ፣ ሁለት ለመመለሻ፣ ሁለት ለጣሪያው። መንገድ ላይ እግሩን ያጣ ወታደር ሚስቱ ዘንድ ለመመለስ ፈርቶ ያገኘዋል፤ ያንን ሲያጽናና ቀኑ ያልፋል። የሌላውን ወታደር ሳሙና ለቤተሰቡ ሲያደርስ ቀኑ ያልፋል። እናቱ ደጅ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጣሪያው ሳይጠገን ይመለሳል። እንደማይተርፍ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ይነግረናል። የተቀበረው በሰው አገር ነው፤ የማያውቁት ሰዎች መቃብሩ ላይ አበባ ያስቀምጣሉ፤ እናቱ ግን አሁንም ወደ መንደሩ ዳር ወጥታ መንገዱን ታያለች።

ይህን ፊልም ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር አይቼዋለሁ። ልጇ ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ዘመድ አዝማድ ተመካክሮ፣ ሰውየው ለሥራ ከቤት ሳይወጣ ማለዳ በሩን ያንኳኳል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያለቅሳል፤ ድንኳን ይተከላል። እሷ በር ላይ ግን ማንም አልመጣም። ኑሮ ይደር ብላ ማልቀስ አትችል፤ ሞቷል ብላ ጥቁር መልበስ አትችል። ስልኳ ተሰብሮ አዲስ ሲገዙላት ቁጥሩ እንዳይቀየር ለምና ነው ያሠራችው፤ ልጁ በቃሉ የያዘው ቁጥር ያ ነው። አብረን ስናይ የፊልሙ እናት መንገዱ ዳር ስትቆም ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እሷስ መንገዱን ታውቀዋለች» አለች። ምንም አልመለስኩላትም።

ወደ ጠያቂዬ እናት ልመለስ። ለልጅሽ በአልዮሻው ጀምሪለት፤ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ታንኩም መጀመሪያ ላይ ስላለ አይሰለቸውም። ከዚያ የአምስቱን ሴቶች አሳዪው። ሁለት ክፍል ነው፤ ሲደመር ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ በአንድ ምሽት አትጨርሱት። በመጀመሪያው ክፍል ሴቶቹ በእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ዕርቃናቸውን የሚታዩበት ቦታ አለ። ዳይሬክተሩ ያስገባው ለነውር አይመስለኝም፤ ጥይቱ የሚያርፍበት ገላ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊያሳየን ነው። ቢሆንም አባት፣ አያትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ከተቀመጣችሁ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ማሳለፍ ይቻላል። ታናሽ እህቱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነች ሁለተኛው ክፍል ሳይጀምር ትተኛ።

የራሳችንን ማየት ለሚፈልግ የኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። የጦርነት ትርኢት አልተሠራበትም፤ ሥዕል፣ ዜማና የሽማግሌዎች ትረካ ነው። ብቻውን ያየ ልጅ ይሰለቻል፤ አያት አጠገቡ ካለች ግን ፊልሙን አስቁማ የራሷን መጨመሯ አይቀርም፤ ስለዚህ ጊዜ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ።

ቡናውን ደግሞ አስቀድማችሁ አፍሉት። ሪታና ቫስኮቭ ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ለጀበናው መነሳት አይመችም።